ፍልሰተኛ የውሃ ወፎችን በባሕር ዳርቻ ረግረግ ለማየት መቼ መሄድ፣ የትስ መቆም ይገባል?

ጠያቂያችን የሚከተለውን ጽፈዋል፦ «ፍልሰተኛ የውሃ ወፎችን ለማየት በባሕር ዳርቻ ወደሚገኝ አንድ ጥብቅ ረግረግ ስፍራ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳካልኝ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ወፎቹም ከአድማሱ አጠገብ እንደ ነጠብጣብ ይታዩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጭቃው በሙሉ በውሃ ተሸፍኖ አንድም ወፍ አላየሁም። ሁለቱንም ቀን የደረስሁት በማለዳ ነው። ጥፋቴ ምንድን ነው? ለሦስተኛ ጊዜ ብሄድ መቼ ልሂድ፣ የት ልቁም፣ ምን ልያዝ፣ ምን ያህልስ ልቅረባቸው?»

ጥፋትዎ አንድ ብቻ ነው፤ ጉዞዎን ያቀዱት በፀሐይ ነው። በጫካና በቁጥቋጦ የሚኖሩ ወፎችን ለማየት በማለዳ መነሣት ተገቢ ነው፤ ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ዝማሬያቸውም እንቅስቃሴያቸውም ይቀንሳልና። በባሕር ዳርቻ ጭቃ ላይ የሚመገቡት ወፎች ግን የሥራና የዕረፍት ሰዓታቸውን የሚቀበሉት ከውሃው ሙላትና ሽሽት ነው። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ሌሊትም ቢሆን ይመገባሉ፤ ውሃው ሞልቶ ጭቃውን ሲሸፍን ቀትርም ቢሆን ያርፋሉ። በመጀመሪያው ቀን ውሃው ርቆ በሸሸበት ሰዓት ስለ ደረሱ ወፎቹ የውሃውን ጠርዝ ተከትለው ርቀው ነበር። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሙላቱ ካበቃ በኋላ ስለ ደረሱ ወፎቹ ከእርስዎ ቀድመው ወደ ማረፊያቸው ሄደዋል፤ ምናልባትም ከቆሙበት ግድብ ጀርባ፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ የአሸዋ ጉብታ ላይ፣ በሺዎች ሆነው ምንቃራቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው ተኝተው ነበር።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህ ነው፦ ሙላቱ ጫፍ ከሚደርስበት ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ፤ ተስማሚ ቦታ ይምረጡና ይቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ወፎቹን ወደ እርስዎ የሚያመጣው ውሃው ነው። እርስዎ ወደ እነርሱ መሄድ የለብዎትም።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው ላስረዳ። የባሕርን ሙላትና ሽሽት የሚያስከትለው በዋነኛነት የጨረቃ ስበት ሲሆን የፀሐይ ስበትም ይታከልበታል። በአብዛኞቹ የዓለም ዳርቻዎች በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሙላትና ሁለት ሽሽት ይፈራረቃሉ፤ ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜም 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ዛሬ ወፎቹን በሚገባ ያየ ሰው ነገ በዚያው ሰዓት ቢመለስ ውሃው 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገይበታል፤ ከሳምንት በኋላ ቢመለስ ደግሞ ሙላት በነበረበት ሰዓት ሽሽት ሆኖ ያገኘዋል። የእርስዎ ሁለት ማለዳዎች እንዲያ የተለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የእርሷና የፀሐይ ስበት በአንድ መስመር ስለሚተባበሩ ሙላቱ ከፍ፣ ሽሽቱም ዝቅ ይላል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። በብዙ ዳርቻዎች ታላቁ ሙላት የሚታየው ጨረቃዋ ሙሉ በሆነችበት ዕለት ሳይሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከተል፣ ብዙ ጎብኚዎች የማያስተውሉት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በአንድ ዳርቻ ላይ ታላላቆቹ ሙላቶች ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ላይ ይውላሉ። ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ በሆነች ቁጥር ከፀሐይ ጋር ያላት አቀማመጥ ተመሳሳይ ስለሆነ ውሃውም በዚያው ሰዓት ይመለሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ረግረግ ታላቅ ሙላቱን የሚያገኘው ሁልጊዜ በጠዋትና በማታ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ በቀትርና በእኩለ ሌሊት ነው። የሚሄዱበትን ስፍራ የሙላት ሰንጠረዥ፣ ማለትም የየቀኑ ሙላትና ሽሽት ሰዓት አስቀድሞ የተጻፈበትን ዝርዝር፣ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ለጥቂት ወራት ያህል ቢያነቡት ስፍራው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይገባዎታል፤ ከዚያ ወዲህ የጨረቃዋን መልክ አይተው ብቻ ጉዞዎን በግምት ማቀድ ይችላሉ።

ታላቁ ሙላት ግን ለእርስዎ የተሻለው ነው ማለት አይደለም። ትንሹ ሙላት የላይኛውን ጭቃ ጨርሶ ስለማይሸፍነው ወፎቹ ወደ ዳር የሚገፋቸው ነገር የለም፤ ቀኑን ሙሉ ርቀው ሊቆዩ ይችላሉ። ታላቁ ሙላት ደግሞ ጭቃውን አልፎ ጨዋማውን ሣር ጭምር ይውጠዋል፤ ወፎቹ በቀረችው ጠባብ ደረቅ መሬት ላይ ተጨናንቀው ሲሰፍሩ ማየት ልብን የሚነካ ትዕይንት ነው፤ ነገር ግን በአቅራቢያቸው ሌላ የሚሄዱበት ቦታ የሌላቸው በዚያች ሰዓት ስለሆነ የአንድ ሰው ስሕተት መንጋውን በሙሉ ሊያስነሣው ይችላል፤ ከናካቴውም ወደ ሜዳና ወደ ጨው ማምረቻ ኩሬዎች ሊሄዱ ይችላሉ። ለሦስተኛው ጉብኝትዎ መካከለኛውን ሙላት እመክራለሁ፤ ይኸውም ታላቁ ሙላት ከሚሆንበት ቀን ሦስት ወይም አራት ቀን ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ውሃው ወፎቹን እስከ ላይኛው ጭቃ ድረስ ይገፋቸዋል፤ የሚቆሙበትን መሬት ግን አይነሣቸውም።

በሰንጠረዡ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሰንጠረዡ የሚሠራው ለአንድ ወደብ ነው፤ ረግረጉ ከባሕሩ አፍ ገባ ብሎ የሚገኝ ከሆነ ሙላቱ በብዙ ደቂቃዎች ሊዘገይ ስለሚችል የስፍራውን ጠባቂ መጠየቅ ይሻላል። በበጋ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉ አገሮችም ሰንጠረዡ ያንን አንድ ሰዓት ጨምሮት እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ የአየር ጠባይን አያውቅም። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ የባሕሩ ወለል በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስም ውሃውን ገፍቶ ያመጣዋል። በጣም ለጥ ባለ ጭቃ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ በአግድም ሲለካ ብዙ አሥር ሜትሮችን ስለሚሸፍን ማዕበል ባለበት ቀን ሁሉም ነገር ከተጻፈው ቀድሞ ይሆናል። እንደ ሜድትራንያንና እንደ ባልቲክ ባሉ ሙላታቸው እዚህ ግባ በማይባል ባሕሮች ደግሞ ሰንጠረዡ አይጠቅምም፤ እዚያ የውሃውን ከፍታ የሚወስነው በአመዛኙ ነፋሱ ስለሆነ ጉብኝትዎን በብርሃኑ፣ ማለትም በጠዋትና ከሰዓት በኋላ አመሻሽ ላይ ማቀድ ይችላሉ።

ወፎቹ ለምን እንዲህ ለውሃው እንደሚገዙ ለመረዳት የሚበሉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ጭቃው ባዶ ይምሰል እንጂ ውስጡ በትላትል፣ በባለ ዛጎል ፍጥረታት፣ በደቃቅ ቀንድ አውጣዎችና በሸርጣኖች የተሞላ ነው። እነዚህ ፍጥረታት ጭቃው ሲደርቅ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ወደ ገጹ ይቀርባሉ። ወፎቹ የውሃውን ጠርዝ እግር በእግር የሚከተሉት ለዚህ ነው። እዚያው ጠርዝ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲመገቡ የሚሻሙ ይመስላል፤ በቅርብ ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ጥልቀት አለው። ከርሊው የተባለው ትልቁ ወፍ ወደ ታች የታጠፈ፣ ርዝመቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችል ምንቃር ስላለው ከጉድጓዱ ሥር የተደበቀውን ትል ጎትቶ ያወጣል። ፕሎቨር የሚባሉት ደግሞ አጭር ምንቃርና ትላልቅ ዓይኖች አሏቸው፤ ጥቂት እርምጃ ሮጠው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ይለቅማሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ደንሊን የተባለው ትንሹ ወፍ ራሱን አጎንብሶ እየተራመደ ምንቃሩን ቶሎ ቶሎ ይነክራል። ኦይስተርካቸር ብርቱ፣ ብርቱካንማ ቀይ ምንቃሩን ዛጎል ለመስበር ወይም ለመፈልቀቅ ይጠቀምበታል።

ከሁሉም እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሬድ ኖት የተባለችው ወፍ ናት። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት ይህች ወፍ ምንቃሯን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ስትሰነቅር በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ይገፋል፤ በአጠገቡ ዛጎል ካለ ግፊቱ ስለሚታገድ የምንቃሯ ጫፍ ልዩነቱን ይለየዋል። ዛጎሉን ሳትነካው፣ ሳታየውም፣ የት እንዳለ ታውቃለች። ካገኘችው በኋላ እንዳለ ትውጠውና በጡንቻማው የሆድ መፍጫዋ ትሰባብረዋለች። በቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ምንቃሯን ደጋግማ ስትወጋ የምታደርገው ይህን ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለጀማሪ ከላባ ቀለም ይልቅ አመጋገብ የተሻለ መለያ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ የዳርቻ ወፎች ከመራቢያቸው ወቅት ውጭ ግራጫና ቡናማ ናቸው፤ መጽሐፍ ይዞ ቀለም ከቀለም ማመሳከር የጀመረ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተስፋ ይቆርጣል። መጠኑን፣ የምንቃሩን ርዝመትና ቅርጽ፣ ከዚያም አረማመዱንና አመጋገቡን ያየ ሰው ግን ወፉ ከብርሃን ተቃራኒ ጥላ ብቻ ሆኖ ሲታየው እንኳ ይለየዋል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ዓይነት በሚገባ ካወቁ በቂ ነው።

አሁን ወደ መቀመጫዎ እንምጣ። ከመሄድዎ በፊት በካርታ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ በሙላቱ መጨረሻ የሚሸፈነውን የላይኛውን ጭቃና ወፎቹ የሚያርፉበትን ደረቅ ስፍራ። መቀመጥ ያለብዎት ጭቃው ፊት ለፊት ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን ፈጽሞ አይሁኑ፤ መንገዳቸውን የዘጋባቸው ሰው ካለ ወፎቹ ዞረው ይሄዳሉ። ፀሐይ ከጀርባዎ መሆን አለባት። እርጥብ ጭቃ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ፀሐይን ፊት ለፊት ያየ ሰው ምንም ቀለም አይለይም፤ ከዚህም የተነሣ አንዱ ረግረግ ጠዋት ብቻ፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚታይ ይሆናል። መመልከቻ ጎጆ ካለ ይጠቀሙበት። ከሌለ ከግድቡ ጫፍ ወርደው ጎኑ ላይ ወይም ከቁጥቋጦ ፊት ይቀመጡ፤ ወፎቹን የሚያስፈራቸው ከሰማይ ጋር የሚታይ የቆመ ሰው ቅርጽ ነውና። አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ቦታ አይለዋውጡ።

የመጀመሪያው ሰዓት አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ወፎቹ ገና ሩቅ ናቸው። ሙላቱ ስድስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ከሆነ ግን ውሃው በእኩል ፍጥነት እንደማይመጣ ይወቁ። መርከበኞች በሚጠቀሙበት ግምት መሠረት ከጠቅላላው ከፍታ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት አሥራ ሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እያንዳንዳቸው ሦስት አሥራ ሁለተኛው፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ አሥራ ሁለተኛው ይሞላል። የውሃው ግማሽ የሚመጣው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ነው ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ ያልሁት ይህ ፈጣኑ ጊዜ ከማለቁ በፊት ቦታ እንዲይዙ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በጽሑፍ መግለጽ ያስቸግራል። በመጀመሪያ አጫጭር እግር ያላቸው ይመጣሉ፤ ውሃው ቀድሞ የሚያስለቅቃቸው እነርሱን ነውና። ረጃጅም እግር ያላቸው ጎድዊት የተባሉት ወፎችና ከርሊዎች እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይቆያሉ። ጠርዙ ሲገፋ መንጋው በአንድነት ይነሣል፣ ትንሽ ወደፊት በርሮ ያርፋል፣ እንደገና ይነሣል፤ እየተነሣ እያረፈ ይቀርብዎታል። ጭልፊት ከመጣ ደግሞ ሺህ ወፍ እንደ አንድ አካል ሲታጠፍ፣ አንዴ ነጩ ሆዳቸው አንዴ ግራጫው ጀርባቸው ሲያንጸባርቅ ያያሉ።

ስለ ዕቃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። በዳርቻ ረግረግ ግን ከሌላ ስፍራ ሁሉ ይልቅ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ይጠቅማል፤ ያለው ጎብኚ ካገኙ አንድ ጊዜ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፣ ደስ ብሎት ያሳይዎታል። ወደ ላይ በሚያጎላ ቁጥር በሞቃት ቀን የአየሩ መርገብገብ ስለሚያስቸግር ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማጉላት ብዙውን ጊዜ ከ60 የተሻለ ያሳያል። ዳርቻው ከሚገምቱት በላይ ይቀዘቅዛል፤ ለሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ እንደሚቀመጡ አስበው ይልበሱ።

«ምን ያህል ልቅረባቸው?» የሚለውን ጥያቄዎን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ፤ መልሱንም ረዘም አድርጌ እንድመልስ ይፍቀዱልኝ። የዳርቻ ወፍ ሲያዩ ሥራ ፈትታ የቆመች ሊመስልዎ ይችላል፤ እርሷ ግን ስንቅ እያጠራቀመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስት ወር ገደማ ዕድሜ የነበራት አንዲት ጎድዊት ከአላስካ ተነሥታ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ እስክታርፍ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀናት ውስጥ ያለ ዕረፍት መብረሯ በተሸከመችው የሳተላይት መከታተያ ተመዝግቧል። ጎድዊት ባሕር ላይ አርፋ መብላት አትችልም። ለዚህ በረራ የምትዘጋጀው ከሰውነቷ ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ እስኪሆን ድረስ በመብላት ነው፤ መነሻዋ ሲደርስም የምግብ መፍጫ አካሎቿ ይኮማተራሉ፣ የማያስፈልግ ክብደት እንዳትሸከም። ሬድ ኖትም ከረጅም በረራ በፊት መፍጫዋ ስለሚያንስ ስትደርስ ዛጎል መስበር ያቅታታል፤ በአሜሪካ ደላዌር ባሕረ ሰላጤ በግንቦት የሚያርፉት ኖቶች ሆርስሹ ክራብ የተባለው የባሕር ፍጥረት በአሸዋ ላይ የሚጥለውን ለስላሳ እንቁላል የሚጠብቁት ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣት ሃያ እርምጃ ቀርቦ መንጋውን ቢያስነሣ፣ ያቃጠሉት ስብ ለዚያ በረራ የተቆጠበ ነው። በአንድ ሙላት አምስት ጊዜ የተነሡ ወፎች ያጡትን የሚተኩበት ሰዓት ላይኖራቸው ይችላል፤ ጭቃው የሚገለጥላቸው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነውና።

ስለዚህ በሜትር ከመናገር ይልቅ ወፎቹን ማንበብ ይሻላል። የተኙት ራሳቸውን ካነሡ፣ ላባቸውን የሚያበጥሩት ካቆሙ፣ ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ባሉበት ይቁሙ። በእግር መሸሽ ከጀመሩ አልፈዋል፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ትላልቆቹ ከትንንሾቹ ቀድመው ይነሣሉ፤ ከርሊው ከመቶ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ ሊነሣ ይችላል፤ እርሱ ሲነሣና ሲጮኽ ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይነሣል። ለተኛ መንጋ ሁለት መቶ ሜትር ያህል መተው እኔ ራሴ የምከተለው ልማድ ነው። ውሻ፣ በገመድም ቢታሰር፣ ወደዚህ ስፍራ መምጣት የለበትም። ድሮንም እንዲሁ፤ ወፎቹ ከላይ የሚመጣን ነገር ሁሉ እንደ አዳኝ ያዩታል። የሞተ ወይም የታመመ ወፍ ካገኙ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩ ለጠባቂዎቹ ይንገሩ።

ወቅትን በተመለከተ፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሩቅ ሰሜን የሚመለሱት ጎልማሳ ወፎች በጁላይ መታየት ይጀምራሉ፤ ጫጩቶቻቸው ወላጆቻቸው ከሄዱ በኋላ በኦገስትና በሴፕቴምበር ብቻቸውን ይከተላሉ፤ መንገዱን ያሳያቸው የለም። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ የክረምቱ መንጋ የረጋበት ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራም በጃንዋሪ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ቀለማቸው ደምቆ ማየት ከፈለጉ ኤፕሪልና ሜይ ይሻላሉ፤ ግራጫ የነበረችው ሬድ ኖት ያኔ ደረቷ የጡብ ቀለም ይይዛል። ቁጥር ለማየት ክረምት፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ለማየት ሴፕቴምበር፣ ለውበት ሜይ ነው የምለው።

የሚያዩትን ይመዝግቡ፤ የእግር ቀለበት ካዩም በተለይ ይመዝግቡ። በእግሯ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ወይም ትንሽ ባንዲራ መሳይ ምልክት ያለባት ወፍ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ይዞ የለቀቃት ናት። ቀለሙን፣ ፊደሉንና ቁጥሩን፣ ከጉልበት መሳዩ መታጠፊያ በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ በራሷ በወፏ ቀኝ ወይም ግራ እግር ላይ መሆኑን ይጻፉና ለስፍራው ጠባቂ ይስጡ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአርጀንቲና ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ቀለበት የተደረገለት፣ ቢ95 የሚል ምልክት የነበረው አንድ ሬድ ኖት እስከ 2014 ድረስ በተለያዩ ሰዎች እየታየ ሲመዘገብ ቆይቷል፤ ዕድሜውንና መንገዱን የምናውቀው ዳር ቆመው ያነበቡት ሰዎች ስለ ጻፉት ነው። ምዝገባ የሚያስፈልገው ስፍራዎቹም ወፎቹም በዝምታ ስለሚጠፉ ነው። በደቡብ ኮሪያ የሴማንግም የባሕር ግድብ እ.ኤ.አ. በ2006 33 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሲዘጋ ግሬት ኖት የተባለው ወፍ በብዛት ይመገብበት የነበረው ጭቃ ጠፋ፤ ወፉም በ2015 ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መደብ ገባ። ቀጭን ምንቃር የነበረው የከርሊው ዓይነት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በሞሮኮ መርጃ ዘርጋ የባሕር ዳር ሐይቅ ሲሆን በ2025 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። ያን ቀን እዚያ የነበሩት ሰዎች የመጨረሻው መሆኑን አላወቁም።

ስለ ደኅንነትዎ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደ ጭቃው አይውረዱ። ሙላቱ የሚመጣው ከፊት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚሞሉት ጭቃውን የሚያቋርጡት ቦዮች ስለሆኑ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ ገና ደረቅ ሳለ ከጀርባዎ ያለው መመለሻ በውሃ ሊቆረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 በእንግሊዝ ሞርካምብ ባሕረ ሰላጤ ቢያንስ 21 ዛጎል ለቃሚዎች በሌሊት በሙላት ተከበው ሞተዋል። ጭጋግ ከወረደ ባሉበት መንገድ ወዲያውኑ ይመለሱ።

በመጨረሻም፣ ሙላቱ ጫፍ ሲደርስ ተነሥተው አይሂዱ። አብዛኛው ጎብኚ ወፎቹ ሲያርፉ ትዕይንቱ አለቀ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ሰዓት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለሰዓታት ሳይበሉ የቆዩት ወፎች የውሃውን መሸሽ ከእርስዎ ቀድመው ያውቃሉ፤ ከማረፊያቸው አንድ ሁለት እያሉ መንቃት፣ ክንፋቸውን መዘርጋት፣ ወደ ጠርዙ መራመድ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚገለጠው ጭቃ ለእርስዎ የሚቀርበው የላይኛው ስለሆነ እዚያው ፊት ለፊትዎ ተርበው ይወርዳሉ፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ከነበሩ ደግሞ እርስዎን የመሬቱ አካል አድርገው ቆጥረዎታልና እስከ ሠላሳና አርባ ሜትር ድረስ ሊጠጉዎት ይችላሉ። በባይኖኩላር የእግራቸውን ቀለበት የሚያነቡበት፣ ምንቃሩ ጭቃው ውስጥ ሲገባ የሚያዩበት ጊዜ ይህ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነው ከቆዩ በኋላ ውሃው ይሸሻል፣ እነርሱም ይከተሉታል፤ ነጠብጣብ እስኪመስሉ ሲርቁ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን ሜዳ መልሰው ያገኙታል፤ ያኔ መሄድ ይችላሉ።